ወሰን፣ ገደብ እና ልክ፦ የላፕቶፕ ማኅደረ ትውስታን ስለ ማሳደግ የስያሜ ማብራሪያ

1. መነሻ

አንድ የሙያ ቃል ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ፍች ይዞ አይመጣም። ተናጋሪው ቃሉን ከሰማበት ዕቃ ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው ደግሞ ከሌላ ዕቃ ጋር ያያይዘዋል፤ በመጨረሻም አንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ነገር ተሸክሞ ይቀራል። የቃሉ መደባለቅ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን መደባለቁ ወደ ገበያ ሲወጣ ገንዘብ ያስከፍላል።

አንድ ተማሪ ላፕቶፑ እየተጓተተ ሲያስቸግረው «ሚሞሪው ትንሽ ነው» ተብሎ ተነገረው እንበል። ተማሪው ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ ወጥቶ «ሚሞሪ አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንደኛው ሻጭ ለስልክ የምትሆን ጥፍር የምታህል ካርድ ያወጣለታል፤ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ያሳየዋል፤ ሦስተኛው የራም ሰሌዳ ያቀርብለታል። ከሦስቱ ሻጮች አንዱም አልዋሸም፤ ሦስቱም ዕቃዎች በአነጋገር ልማድ «ሚሞሪ» ይባላሉና። ተማሪው በዕድል ከሦስተኛው ሻጭ ዘንድ ቢደርስም ችግሩ አላበቃም። ባለ 8 ጊጋባይት የራም ሰሌዳ ገዝቶ ሲያስገባ፣ ላፕቶፑ ወይ አይነሣም፣ ወይ 3 ጊጋባይት ብቻ አየሁ ይላል። ምክንያቱን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ማክሲመሙ ይኸው ነው» የሚል ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ «ሚሞሪ» በሚለው አንድ ቃል ሥር የተደበቁትን ነገሮች መለየት ነው። ሁለተኛው፣ «ማክሲመም» በሚለው ቃል ሥር የተደበቁትን ልዩ ልዩ ወሰኖች አንድ በአንድ አውጥቶ ለያንዳንዳቸው ተገቢ የአማርኛ ስያሜ ማመልከት ነው።

2. ማኅደረ ትውስታና ማከማቻ

በኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ዐይነት ማስቀመጫ አለ። አንደኛው አንጎለ ኮምፒውተሩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ በሥራ ላይ ሳለ በእጁ የሚይዘውን ነገር የሚያኖርበት ፈጣን ስፍራ ነው። ይህ በልማድ ራም የሚባለው ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ቢጠፋም ሳይጠፋ የሚቆይ መረጃ የሚቀመጥበት ነው፤ ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ፍላሽና የስልክ ካርድ ሁሉ ከዚህ ክፍል ይመደባሉ።

ልዩነቱን ለመረዳት ጎተራንና ገበታን ማሰብ ይበቃል። እህል በጎተራ ዓመት ይከርማል፤ ነገር ግን ማንም ከጎተራ ላይ ተቀምጦ አይበላም። የሚበላው ተፈጭቶ፣ ተጋግሮ፣ በገበታ ላይ ሲቀርብ ነው። ገበታው ከተነሣ በኋላ በላዩ የነበረው አይቆይም። ዲስክ ጎተራ ነው፤ ራም ገበታ ነው። ገበታው ጠባብ ሲሆን አሳላፊው አንዱን ሳሕን አንሥቶ ሌላውን ለማቅረብ ሲመላለስ ይውላል፤ ኮምፒውተርም ራሙ ሲሞላ ከፊሉን ወደ ዲስኩ እየገለበጠ ሲመላለስ ይንቀራፈፋል። እንግዲህ ጎተራ ማስፋት የገበታን መጣበብ አያቃልልም። ባለ 1,000 ጊጋባይት ዲስክ የገዛ ሰው ፋይሉን የሚያኖርበት ቦታ አገኘ እንጂ ማኅደረ ትውስታው አላደገለትም።

ለመጀመሪያው ዐይነት በኮምፒውተርና በስልክ የአማርኛ ገጽታዎች ላይ «ማኅደረ ትውስታ» የሚለው፣ ለሁለተኛው ደግሞ «ማከማቻ» የሚለው ስያሜ በሥራ ላይ ውሏል። «ማከማቻ» ከ«አከማቸ» የወጣ የቦታ ስም ስለ ሆነ ከጎተራው ጠባይ ጋር ይስማማል። «ማኅደረ ትውስታ» ግን ጥቂት ማብራሪያ ያሻዋል። «ማኅደር» ከግእዙ «ኀደረ» የወጣ ሲሆን ይህም በአማርኛ «አደረ» የምንለው ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። መጽሐፍ የሚከተትበትን የቆዳ ማኅደርም፣ በመሥሪያ ቤት የሠራተኛውን የግል ማኅደርም በዚሁ ስም እንጠራለን። በሁለቱም አገባብ ውስጥ የገባው ነገር እስኪፈለግ ድረስ ያድራል። የራም ዋነኛ ጠባይ ግን የያዘው ነገር አለማደሩ ነው፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ይዞት የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ስያሜውን ከሥሩ የሚተረጕም አንባቢ ወደ ተቃራኒው ትርጉም ሊያመራ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ስያሜው ይሻር ማለት አይደለም። ሥር የሰደደን ቃል መንቀል ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ይልቁንም ጉድለቱን «ትውስታ» የሚለው ሁለተኛው ክፍል እንደሚያቃናው ልብ ማለት ይገባል፤ ትውስታ በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ ባለቤቱ ነቅቶ ሳለ በአእምሮው የሚመላለስ ነገር ነውና። በመዝገበ ቃላት ፍቺው ላይ ግን «ኃይል ሲቋረጥ ይዞታውን የማያቆይ» የሚለው ሐረግ እንዳይጓደል ያስፈልጋል።

«ራም» የሚለው ምሕጻረ ቃል መነሻ ሐረግም በቃል በቃል ትርጉም ሲመጣ ያሳስታል። «በዘፈቀደ የሚደረስበት» ተብሎ ሲተረጐም አንባቢው ሥርዐት የለሽ አሠራር ይመስለዋል። የሐረጉ ፍሬ ነገር ይህ አይደለም። የተጠቀለለ ብራና ማንበብ የሚፈልግ ሰው የሚሻውን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ሊተረትረው ግድ ይላል፤ የተጠረዘ መጽሐፍ ግን በፈለጉት ገጽ ይገለጣል። የቀድሞው መግነጢሳዊ ቴፕ እንደ ጥቅልሉ ብራና ነበረ፤ ራም ግን እንደ ተጠረዘው መጽሐፍ ነው፤ የትኛውም ክፍሉ ቀጥታ ይደረስበታል። ስለዚህ «ቀጥታ ደራሽ ትውስታ» ማለት ከ«ዘፈቀደ» ይልቅ ወደ ፍቺው ይቀርባል።

3. የማሳደግ ሦስት ትርጉም

«ራሙን አሳድግልኝ» የሚለው አነጋገር በሥራ ላይ ሦስት የተለያዩ ተግባሮችን ይይዛል። በባዶ ማስገቢያ አዲስ ሰሌዳ ማግባት «መጨመር» ነው። ያለውን አውጥቶ በሚበልጥ ሰሌዳ ማስቀየር «መተካት» ነው። ሁለቱም የሚያስከትሉት ውጤት ደግሞ «ማሳደግ» ነው።

ልዩነቱ ዋጋ አለው። ሁለት ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ በያንዳንዱ 2 ጊጋባይት፣ በጠቅላላው 4 ጊጋባይት ይዞ ሳለ፣ ባለቤቱ «4 ልጨምር» ብሎ አንድ ባለ 4 ሰሌዳ ቢገዛ 8 አያገኝም። ባዶ ማስገቢያ ስለሌለ አንዱ ባለ 2 መውጣት አለበት፤ የሚያገኘውም 6 ጊጋባይት ነው። እንግዲህ ከግዢ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ማስገቢያ አለ? ስንቱስ ተይዟል?» የሚለው ነው። በዊንዶውስ 10ና 11 ይህ በታስክ ማናጀር የማኅደረ ትውስታ ገጽ ላይ ይታያል፤ ሆኖም እርግጠኛው መንገድ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው።

በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ማኅደረ ትውስታው በዋናው ሰሌዳ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ መጨመርም መተካትም አይቻልም። ይህን ዐይነት «የተበየደ ማኅደረ ትውስታ» ብሎ መጥራት ገዢው ከመክፈሉ በፊት እንዲያውቀው ይረዳዋል።

4. «ማክሲመም» የሚሸፍናቸው ወሰኖች

ለአንድ ላፕቶፕ ሊገባ የሚችለው ከፍተኛ የማኅደረ ትውስታ መጠን በአንድ ምክንያት ብቻ አይወሰንም። በ«ማክሲመም» የሚጠሩት ነገሮች አምስት ናቸው፤ የሚገዛውም ከመጀመሪያዎቹ አራቱ የሚያንሰው ነው። ሰንሰለት በደካማው ቀለበቱ እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ሦስቱ ቢፈቅዱና አንዱ ቢከለክል የተከለከለው ይጸናል።

ሀ. የአድራሻ ወሰን። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ባይት በቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ የሚጻፍበት የአኃዝ ብዛት የተወሰነ በመሆኑ ሊጠራ የሚችለውም ብዛት የተወሰነ ነው። የአንድ ቀበሌ የቤት ቁጥር ሁለት አኃዝ ብቻ እንዲይዝ ቢደነገግ፣ ከ00 እስከ 99 መቶ ቤቶች ይጠራሉ። መቶ አንደኛው ቤት ቢሠራ ቤቱ አለ፤ ጣሪያና ግድግዳም አለው፤ ቁጥር ስለሌለው ግን ደብዳቤ አይደርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ መስመሮች ነበሩት፤ በመሆኑም 1,048,576 ባይቶችን ብቻ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው 80386 ወደ 32 ቢት ሲያድግ የሚጠራው ብዛት 4,294,967,296 ሆነ። ዛሬ «4 ጊጋባይት» እየተባለ የሚጠቀሰው የ32 ቢት ወሰን ይህ ነው።

ከዚህም ላይ ሌላ ቅናሽ አለ። ከአድራሻዎቹ ከፊሉ ለማኅደረ ትውስታ ሳይሆን ለስክሪን መቆጣጠሪያና ለሌሎች ክፍሎች ይሰጣል፤ ከቀበሌው የቤት ቁጥሮች ጥቂቱ ለጽሕፈት ቤቱና ለትምህርት ቤቱ እንደሚያዝ ማለት ነው። በ32 ቢት ላይ የሚሠራ ላፕቶፕ 4 ጊጋባይት ገብቶለት ከ3 ብዙም ያልበለጠ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። የጐደለው ሰሌዳ ተበላሽቶ አይደለም፤ አድራሻ አጥቶ ነው።

ለ. የመቆጣጠሪያ ወሰን። በፕሮሰሰሩና በማኅደረ ትውስታው መካከል ያለው የማኅደረ ትውስታ መቆጣጠሪያ ምን ዐይነት፣ ምን ያህል መጠን ያለው ሰሌዳ እንደሚቀበል በአሠራሩ ተወስኗል። ቀድሞ ይህ ክፍል በዋናው ሰሌዳ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነበር፤ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ በአሮጌ ላፕቶፕ የቺፑን ስም፣ በአዲሱ ግን የፕሮሰሰሩን ስም መመርመር ያስፈልጋል።

ሐ. የማስገቢያ ወሰን። ይህ የማስገቢያዎቹ ብዛት አንድ ሰሌዳ በሚይዘው ከፍተኛ መጠን ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሁለት ማስገቢያና ባለ 8 ሰሌዳ ከሆነ 16 ይሆናል። በዚህ ላይ የትውልድ ጉዳይ አለ። የላፕቶፕ ሰሌዳዎች በመገናኛ ጥርሶቻቸው ብዛት ይለያያሉ፤ ዲዲአር2 200፣ ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262 ጥርስ አላቸው። የኤሌክትሪክ ግፊታቸውም ከ1.8 ቮልት ወደ 1.5፣ ከዚያ ወደ 1.2፣ በመጨረሻም ወደ 1.1 ወርዷል። ዲዲአር3ኤል የሚባለው ደግሞ በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ ከዚህ በቀር የማይቀበሉ ላፕቶፖችም አሉ። የአንዱ ትውልድ ሰሌዳ በሌላው ማስገቢያ አይገጥምም፤ እንዳይገጥምም በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሆን ተብሎ ተዛውሯል። አልገባ ያለውን በኃይል መግፋት ማስገቢያውን መስበር ነው።

መ. የሥርዓተ ክወና ገደብ። መሣሪያው ቢችልም ሥርዓተ ክወናው ላይፈቅድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ስታርተር ከ2 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም ነበር፤ የዚያው ዊንዶውስ 7 ሆም ፕሪሚየም ባለ 64 ቢት እትም እስከ 16፣ ፕሮፌሽናሉ እስከ 192 ጊጋባይት ይፈቅድ ነበር። በፕሮሰሰሩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ሻጩ ለያንዳንዱ እትም የደነገገው ብቻ ነው።

ሠ. የአምራች ልክ። አምራቹ በመግለጫ ወረቀቱ የሚጽፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ አምራቹ የፈተነውንና ለሽያጭ ያቀረበውን ያመለክታል፤ መሣሪያው ሊሸከም የሚችለውን ሁሉ ላይነግር ይችላል።

5. ሁለት ምሳሌዎች

የአምስቱን ልዩነት ሁለት የታወቁ ላፕቶፖች በግልጽ ያሳያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ60 ሁለት ማስገቢያ አለው፤ በያንዳንዱም ባለ 2 ጊጋባይት የዲዲአር2 ሰሌዳ ይገባል፤ የማስገቢያ ወሰኑ እንግዲህ 4 ነው። ኋላ የተሠሩት ዐይነቶች 64 ቢት ፕሮሰሰር ስላላቸው ባለቤቱ 64 ቢት ሥርዓተ ክወና ሊጭን ይችላል። ይህን ሁሉ አድርጎ ግን የሚያገኘው 3 ጊጋባይት ያህል ነው። ምክንያቱ የኢንቴል 945 ቺፕ የአድራሻ ስፋት 32 ቢት ብቻ መሆኑ ነው። ፕሮሰሰሩ ፈቀደ፤ ሥርዓተ ክወናው ፈቀደ፤ ማስገቢያው ፈቀደ፤ ቺፑ ከለከለ። «ማክሲመሙ ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «4» የሚለውም «3» የሚለውም መልስ በየራሱ እውነት ነው፤ አንዱ ስለ ሚገባው፣ ሌላው ስለ ሚታየው ይናገራልና።

እ.ኤ.አ. በ2012 አጋማሽ የወጣው ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ደግሞ ነገሩን በተቃራኒው ያሳያል። አምራቹ አፕል የጻፈው ልክ 8 ጊጋባይት ነው። መሣሪያው ግን ሁለት የዲዲአር3 ማስገቢያ አለው፤ ሁለት ባለ 8 ሰሌዳዎች ሲገቡለት 16 ጊጋባይት በሙሉ ይጠቀማል። እዚህ ላይ ያነሰው የተጻፈው ልክ እንጂ ከወሰኖቹ አንዱ አይደለም።

የመጀመሪያው ባለቤት ወሰንን ሳያውቅ ለማይታይ ጊጋባይት ገንዘብ ያወጣል። ሁለተኛው ባለቤት ልክን እንደ ወሰን ቆጥሮ ገና ሊሠራ የሚችል ላፕቶፕ ይጥላል። የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ቃል ሁለት ነገር መሸከሙ ነው።

6. የሚቀርበው ስያሜ

አማርኛ ለዚህ የሚሆኑ ሦስት ቃላት ከጥንት ጀምሮ አሉት፤ የሚጐድለው እነዚህን ሳያቀያይሩ መጠቀም ብቻ ነው።

«ወሰን» የመሬት ዳርቻ ነው፤ ከነገሩ አቀማመጥ የሚመጣ እንጂ በየዕለቱ የሚደነገግ አይደለም። በመሆኑም ከመሣሪያው አሠራር ለሚመነጩት፣ ማለትም ለአድራሻ፣ ለመቆጣጠሪያና ለማስገቢያ፣ «ወሰን» ማለት ይስማማል።

«ገደብ» ከ«ገደበ» የመጣ ነው፤ የሚፈስን ነገር ሰው በፈቃዱ ያቆመበት ነው። ስለዚህ የሶፍትዌር ሻጭ ለሚደነግገው «ገደብ» ይባል። ገደብ በሌላ እትም ሊነሣ ይችላል፤ ወሰን ግን መሣሪያው ካልተለወጠ አይነሣም።

«ልክ» የተለካ ማለት ነው። አምራቹ ፈትኖ ለጻፈው ቁጥር «ልክ» ይባል። ልክ በለኪው ጊዜና ዐቅም የተወሰነ ነው፤ ከእውነተኛው ወሰን ሊያንስ ይችላል።

በዚህ አከፋፈል መሠረት የሚከተሉት አንቀጸ ቃላት ይቀርባሉ።

ማኅደረ ትውስታ (ስም)፦ አንጎለ ኮምፒውተር በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት፣ ቀጥታ የሚደረስበት፣ ኃይል ሲቋረጥ ይዞታውን የማያቆይ ማስቀመጫ፤ ራም።

ማከማቻ (ስም)፦ ኃይል ቢቋረጥም መረጃን ጠብቆ የሚያቆይ ማስቀመጫ፤ ዲስክ፣ ፍላሽ፣ ካርድ።

የራም ሰሌዳ (ስም)፦ የማኅደረ ትውስታ ቺፖችን የያዘ፣ በማስገቢያ የሚገባና የሚወጣ ትንሽ ሰሌዳ።

የተበየደ ማኅደረ ትውስታ (ስም)፦ በዋናው ሰሌዳ ላይ በቋሚነት የተያያዘ፣ ሊተካ የማይችል ማኅደረ ትውስታ።

የአድራሻ ወሰን (ስም)፦ በአድራሻ ቢቶች ብዛት ሊጠራ የሚችል ከፍተኛ የባይት ብዛት።

የሥርዓተ ክወና ገደብ (ስም)፦ አንድ የሥርዓተ ክወና እትም እንዲጠቀም የተፈቀደለት ከፍተኛ የማኅደረ ትውስታ መጠን።

የአምራች ልክ (ስም)፦ አምራቹ ፈትኖ በመግለጫው ያሰፈረው ከፍተኛ መጠን።

ስለ መለኪያው አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባል። «ጊጋ» በሳይንስ መለኪያ 1,000,000,000 ነው፤ በማኅደረ ትውስታ አቈጣጠር ግን 1,073,741,824 ለማለት ይውላል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ይህን መደባለቅ ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1998 ለሁለተኛው «ጊቢ» የሚል ቅጥያ ደንግጓል። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በኮምፒውተሩ ላይ 465 ያህል ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ሻጩ ሰርቆ አይደለም። በገበያ «ጊቢባይት» የሚል ስለማይሰማ በጠቅላላ ጽሑፍ «ጊጋባይት» ይበቃል፤ በትምህርትና በሙያ ጽሑፍ ግን ሁለቱን መለየት ይገባል።

7. ለተጠቃሚው

ከዚህ በላይ የተገለጸው ወደ ተግባር ሲመለስ እንዲህ ይሆናል። አስቀድሞ ላፕቶፑ የተጓተተው በእርግጥ ማኅደረ ትውስታ አንሶት መሆኑን ማየት ነው፤ በሥራ ሰዓት ሁልጊዜ ሊሞላ የሚቃረብ ከሆነ ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው። ቀጥሎ የተበየደ መሆን አለመሆኑን፣ ማስገቢያዎቹን፣ ትውልዱንና ቮልቱን መለየት፤ ከዚያም የፕሮሰሰሩን ወይም የቺፑን ወሰን፣ በመጨረሻም የሥርዓተ ክወናውን ገደብ ማረጋገጥ ነው። የአምራቹ ልክ ከነዚህ ካነሰ፣ ከልክ በላይ ያለውን ከመግዛት በፊት ሌሎች በዚያው ዐይነት ላፕቶፕ ላይ ሞክረው መሳካቱን ማጣራት፣ ከሻጩም ጋር ካልሠራ እንዲመልስ መስማማት ብልህነት ነው።

ሰሌዳውን ለማስገባት መሣሪያውን ማጥፋት፣ የኃይል ገመዱንና የሚወጣ ከሆነ ባትሪውን መለየት፣ በገላ ላይ ያለው የረጋ ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳይጐዳ አስቀድሞ ብረት መንካት ያስፈልጋል። ሰሌዳው ዘንበል ተደርጎ ጥርሶቹ እስኪሰወሩ ይገባል፤ ከዚያ የጐን መያዣዎቹ እስኪቆለፉ ወደ ታች ይጫናል። ላፕቶፑ ሳይነሣ ቢቀር ተበላሸ ብሎ ከመደምደም በፊት አውጥቶ መልሶ ማስገባት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በደንብ ያልገጠመ ጥርስ ነው።

በመግቢያው የተጠቀሰው ተማሪ ወደ ገበያ ሲመለስ «ሚሞሪ አላችሁ?» ብሎ ሳይሆን «ለላፕቶፕ የሚሆን ባለ 4 ጊጋባይት የዲዲአር3ኤል የራም ሰሌዳ» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሦስቱም ሻጮች አንድ ዕቃ ያወጡለታል። የስያሜ ሥራ ፍሬው የሚታየው በዚህ ነው። እዚህ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ በመሆናቸው፣ በተለይ በጥገና ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባብያን በየሱቁና በየወርክሾፑ የሚነገሩትን ቃላት ከነአገባባቸው ቢያካፍሉ፣ ቀጣዩ የቃላት ዝርዝር የተሟላ ይሆናል።